የእቴቴ እንግሊዝኛ

ልጅ ሳለሁ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ናቲና እኔ። የአባቴ ታላቅ እህት ጡረታ ወጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ግን ከልጅነቴ የማስታውሰው ሁሉ የእሳቸው ሆነ። እቴቴ እንላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሴት ነበሩ።

ያኔ መብራት በየጊዜው ይጠፋ ነበር። ሰፈሩ ድንገት ሲጨልም ከየፎቁ የልጆች ጩኸት ይሰማና መልሶ ጸጥ ይላል። እናቴ ራት የሠራችበትን የከሰል ምድጃ በረንዳው በር አጠገብ ታስጠጋዋለች፤ እቴቴ ሻማ ለኩሰው ቆርቆሮ ክዳን ላይ ያቆማሉ፤ እኛም ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። ያኔ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል ይነግሩንና ፍቺውን ሳይገልጹልን ተረት ይጀምራሉ። ተረቶቻቸው ሩቅ አገር አይሄዱም። አንዱ ጎሮ ስለሚኖር ችኩል ልብስ ሰፊ ነው፤ ሌላው የመገናኛ ታክሲ ውስጥ በሰማችው ወሬ ከጎረቤቷ ስለተጣላች ሴት። ተረቱ ሲያልቅ አባባሉ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ገብቶን ይገኛል።

ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ጭውውት ነው። እቴቴ ልብስ ሰፊው ይሆናሉ፣ ከእኛ አንዳችን ደንበኛ። አባባሉን ጨዋታው መሀል ቦታው ላይ ያስገባ አሸነፈ።

ናቲ ይንተባተብ ነበር። ስሙን ሲጠየቅ እንኳ መጀመሪያው ፊደል ላይ ይያዝና የአንገቱ ሥር ይገታተራል። ትምህርት ቤት ስለሚስቁበት የሚፈልገውን በእጁ ማሳየት ለምዶ ነበር፤ ቤት ውስጥም ብዙውን ጊዜ እኔ ነበርኩ የምናገርለት። ስለዚህ አንድ ምሽት እቴቴ ደንበኛ እንዲሆን ሲጋብዙት ልቤ ፈራ። ናቲ ተነሣ፤ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበና በጠራ እንግሊዝኛ፣ «ይኼ ምን ዓይነት ስፌት ነው? ሠርግ ቤት በዚህ ልሄድ ነው?» ብሎ ጮኸ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እቴቴ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ጌታዬ፣ ጨርቁ ነው ያጠረው» ብለው መለሱለት። ተከራከሩ። ናቲ አንድም ጊዜ ሳይያዝ፣ አባባሉን ደግሞ፣ «ችኮላ ያባክናል» የሚለውን፣ ጥርት አድርጎ ቦታው ላይ አስገባው። ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ የቆመው አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

በኋላ አልጋችን ላይ ሆነን ጠየቅኩት።

«እንግሊዝኛ ሲሆን ለምንድን ነው የማይዝህ?»

«እ... እ... እኔ አይደለሁማ» አለኝ። «ደ... ደንበኛው ነው የሚያወራው።»

ከዚያ ወዲህ መብራት እንዲጠፋ የምንጸልይ ልጆች ሆንን። ናቲ ሐኪም ሆነ፣ ዳኛ ሆነ፣ ወያላ ሆነ። እቴቴ ቀስ እያሉ በጭውውቱ መሀል አማርኛ ጣል ማድረግ ጀምረው ነበር፤ እሱም ሳይታወቀው በአማርኛ ይመልስላቸው ነበር። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ይሉት ነበር አባቴን።

ጊዜው አልተሰጣቸውም። አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ፤ ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸውም ተይዞ ነበር። የሰው ሁሉ ንግግር ይገባቸዋል፤ ሊመልሱ ሲሞክሩ ግን ከጉሮሯቸው የሚወጣው ቃል አልነበረም።

ናቲ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። «እንደምን ዋልክ፣ ልብስ ሰፊ?» ይላል በእንግሊዝኛ። ይጠብቃል። የእቴቴ ከንፈር ይንቀጠቀጣል፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል። ናቲም ቆይቶ ድምፁን ያቀጥንና የልብስ ሰፊውንም መልስ ራሱ ይናገርላቸዋል። ደህናው እጃቸው የእሱን እጅ ጨብጦ አይለቅም ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማና መግባት ያቅተኛል።

በክረምቱ ዐረፉ። ናቲ ቀብሩ ላይ በእንግሊዝኛ ልሰናበታቸው ብሎ አባቴን ለመነ። የሕይወት ታሪካቸው ተነቦ ሲያበቃ አባቴ ወደ ፊት አወጣው። ዝናብ ያካፋል፤ ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ይዞ ያየዋል። ናቲ አፉን ከፈተ። መጀመሪያው ፊደል ላይ ተያዘ። እንደገና ሞከረ። አንገቱ ተገታተረ፣ ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ የሚመልስለት ሰው እዚያ የለም። አንዲት ሴት ወዲያ ዞራ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አባቴ ሄዶ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አስደገፈውና፣ «በቃ ልጄ፤ እቴቴ ሰምታሃለች» አለው።

ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ዝም ብለን መቀመጥ ሆነ። አንድ ምሽት እንደ እቴቴ ልተርክ ሞክሬ፣ «ና፣ ደንበኛ ሁን» ስለው፣ «ተ... ተይኝ» ብሎኝ ተነሥቶ ወጣ። አባቴ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ እንግሊዝኛ የሚያለማምድ ሰው ፈልጎለት ነበር፤ አንድ ቀን ሄዶ ሁለተኛ አልተመለሰም።

ዛሬ ናቲ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል፤ ሥራውን ሰው ያደንቅለታል። ስልክ አያነሣም፤ ጽሑፍ ይልክልኛል። ምግብ ቤት ስንገባ አስተናጋጁ ሲመጣ ሜኑውን በጣቱ ይነካና ወደ እኔ ያያል፤ እኔም አዝዝለታለሁ።

ከእነዚያ ምሽቶች ብዙ ነገር ቀርቶልኛል። ተረቶቹን ለልጄ እነግራታለሁ፤ አባባሎቹም ሳላስባቸው ከአፌ ይወጣሉ። የከሰሉ ሽታ፣ ሻማው ነፋስ ሲነካው ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘው ጥላችን፣ የእቴቴ ሳል፣ ሁሉም አለ። ናቲ ሳይያዝ የተናገረባቸውን ቃላትም አንድ በአንድ ልደግማቸው እችላለሁ። ያኔ የተናገረበትን ድምፅ ግን፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብፈልገው ብፈልገው፣ ከጠፋኝ ቆየ።