የአክስቴ የኤርማንስ ተራ

በምሠራበት የግንባታ ዕቃ መደብር ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ጣሪያው ይዘፍናል። ሚስማር ስመዝን፣ ቀለም ስበጠብጥ፣ ለአንዱ ሽማግሌ የበረዶ አካፋ ከመደርደሪያ ሳወርድ፣ እነዚያው ሃያ መዝሙሮች ዞረው ዞረው ይመጣሉ። ታኅሣሥ ሲጋመስ የደወል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን ያመኛል። «ዢኔት፣ አንቺ የምትወጂው የገና መዝሙር የትኛው ነው?» ሲሉኝ፣ «የሚያልቀው» እላቸዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን የምወደው አንድ አለ። በሬዲዮ አይገኝም። በዓመት አንድ ቀን፣ በገና ምሳ ላይ፣ በአክስቴ በኤርማንስ ቤት፣ ከአንድ ሰው አፍ ብቻ የሚሰማ ነበር። ያ ሰው አባቴ ሮዜር ነው። የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ እሱ ሲወራ ኖሯል፣ ይበቃዋል። የምጽፈው ስለ እህቱ ስለ ኤርማንስ ነው።

አክስቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሕመምተኛ አንሶላ ስታጥብ ኖራ ጡረታ ወጣች። አላገባችም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ሳለ በእህል ጫኝ መርከብ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው ጠይቋት ነበር፤ «አባቴ ሻል ይበለውና» አለችው። አባቷ፣ ማለትም አያቴ ኦዲሎን፣ ሻል ሳይላቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። መርከበኛው ያን ያህል አልጠበቀም፤ አልፈርድበትም።

ሴት አያቴ ከሞቱ ጀምሮ የገና ምሳ በኤርማንስ ላይ ወደቀ። ሃምሳ አራት ገና ማለት ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ሊጥ መዳመጥ ትጀምራለች፤ ሃያ አራት የስጋ ፓይ ጋግራ ደጅ ባለው ሼድ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ውርጩ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። የአሳማ እግር ወጥ አለ፣ ቀይ ሥር በኮምጣጤ አለ፣ የስኳር ኬክ አለ። ሃያ ሁለት ሰው ቡትስ ጫማውን በረንዳ ላይ አራግፎ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፍናል፣ ይሄዳል። ስንሄድ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እንላታለን። ቁርጥማቱ ከገባ ግን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አንድም ቀን ቆሜ ሳህን አጥቤላት አላውቅም፤ ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም።

በእኛ አገር ዘፈን ባለቤት አለው። የአንዱን ዘፈን እሱ በሕይወት እያለ ሌላው አይነካበትም። ባለቤቱ ሲደክም በሰው ፊት «ውሰደው፣ ያንተ ነው» ብሎ ይሰጣል፤ ካልሰጠ አብሮት ይቀበራል። አንድ ታላቅ አጎቴ ምርጥ ዘፈን ይዞ ጉድጓድ ገባ፤ እስከ ዛሬ የሚያማው አለ። የአጎቴ ልጅ ክሌርሞን ሱሪው ስለ ጠፋበት መርከበኛ የሚለው አለው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አሁንም ሲዘፍነው ወንበር ላይ ይወጣል። እኔ ከእናቴ የወረስኳት አጭር አለችኝ። አክስቴ ምንም የላትም። ለምን እንደሌላት ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ተራው ዞሮ እሷ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ወጥ ቤት ናት።

የአባቴ ግን የሁሉ አውራ ነበር። አያቴ ኦዲሎን በመጨረሻ ገናቸው በሰው ፊት የሰጡት ነው። እንስሳቱ ተራ በተራ ወደ በረቱ እየመጡ ሕፃኑን የሚያዩበት፣ መዝሙር ልበለው ዘፈን እኔም አላውቅም። ምድጃው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሁለት እግሩ ወለሉን እየመታ ይጀምራል፦

«ዶሮዋ መጣች ከማለዳ፣ እንቁላሏን ታቅፋ፤
በጓም መጣች ከኋላዋ፣ በረዶውን አራግፋ።»

እሱ ሁለቱን ስንኝ ይላል፣ እኛ ሁለተኛውን ተቀብለን እንደግማለን። ሕጉ ይኸው ነው። ከአያቴና ከአባቴ እግር የተነሳ ከዚያ ወንበር ሥር ያለው የጥድ ሳንቃ ጎድጉዷል፤ ውሃ ቢፈስበት ይቋጥራል። አክስቴ ስትወለውል ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ታጉረመርማለች።

ባለፈው ነሐሴ አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እግሩና ቀኝ እጁ ዛሉ፣ ንግግሩ ጠፋ። ከቃል ሁሉ የቀረችው አንዲት ስድብ ናት፤ በልጅነቱ ቄሱ የገረፉት በሷ ነበር። ሲርበው እሷን ይላል፣ ሲያመሰግንም እሷን ይላል። አንዲት ነርስ፣ መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዝፈን ይችላል ብላን ስንት ቀን ሞከርን። ዜማ የለም። ስድቧ ብቻ።

በኅዳር አክስቴ ደወለችልኝ። «ዢኔት፣ ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ።

«በየዓመቱ እንዲህ ትያለሽ እኮ፣ አክስቴ።»

«በየዓመቱም እውነቴን ነው። ዳሌዬ አላስቆመኝ አለ። ቤቱን ለሚገዛ ሰው ነግሬያለሁ፤ በየካቲት አረጋውያን መኖሪያ እገባለሁ። እዚያ ምሳ በሳህን ይመጣል አሉኝ። ሳህኑንም ራሳቸው ይወስዱታል።» ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ደስታ አሳፈረኝ።

ስልኩን ስዘጋ ያሰብኩት ስለ ዳሌዋ ቢሆን ደግ ነበር። ያሰብኩት ግን ስለ ዘፈኑ ነው። አባቴ ለማንም አልሰጠም። ዘንድሮ ካልተሰጠ፣ በሚቀጥለው ገና የምንሰበሰብበት ቤት የለም፤ ሁላችን በየፊናችን ስንበተን ከአባቴ ጋር ያልቃል።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ገባን። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ይደበድባል፣ ቤቱ ግን ይሞቃል፣ ወገቧን ይዛ የምትዞረው አክስቴም አለች። ስንበላ ማንም ስለ የካቲት አላነሳም። በልተን ስንጨርስ እሷ እንደ ልማዷ ሳህኑን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች፣ የውሃው ድምፅ ተሰማ፣ ዘፈኑም ተጀመረ። ክሌርሞን ወንበር ላይ ወጣ። እኔ የኔን አልኩ። ተራው ዞሮ አባቴ ጋ ደረሰ።

ምድጃው አጠገብ አስቀምጠነዋል። ያኔ ግራ እግሩ ጀመረች። አንዷ ብቻ፣ በዚያች ጎድጓዳ ሳንቃ ላይ፣ ቀጥ ባለ ምት። አፉን ከፈተ። ምንም አልመጣም። እግሩ ግን አላቆመችም፤ መግቢያውን እየጠበቀች ትመታለች። እንባዬን ለመደበቅ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ክሌርሞን አላስቻለውም። «ግድ የለም፣ ላግዘው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ፦

«አህያው ምንም አላመጣ፣ ጆሮውን ብቻ ይዞ፤
አፈረና ከደጅ ቀረ፣ ጭራው በብርድ ደንዝዞ።»

እኛም ከልማድ ተቀበልን፣ «አፈረና ከደጅ ቀረ…» ከዚያ ክሌርሞን ቆመ። ከአህያው ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አያውቅም። እኛም አናውቅም። በዚህ ሁሉ ዓመት አጥርተን የምናውቀው ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ ነው፤ ግማሽ ግማሹን ይዘን ነው የኖርነው። «ላሟ ናት መሰለኝ» አለ አንዱ። «የለም፣ ፍየሏ!» አለች ሌላዋ። አባቴ ፊቱ ቀልቶ ስድቧን ለቀቃት። ሁሉም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

የወጥ ቤቱ ውሃ ቆመ።

«አህያው አሥራ ሁለተኛ ነው» አለች አክስቴ፣ ፊቷን ሳታዞር። «መጀመሪያ ዶሮዋ ናት። ላሟ ስድስተኛ። ፍየል የሚባል ነገር የለበትም።»

ሃያ ሁለት ሰው አንገቱን ወደ ወጥ ቤት አዞረ። «እትዬ ኤርማንስ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለ ክሌርሞን።

«ጆሮዬን የት ላድርገው? አባዬ አሥራ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሆኖ ድንች ስልጥ ሲዘፍንልኝ ኖረ። ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ ሮዜር። ግንብ አይደለሁም እኮ።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ዘፈኑስ የኔ ነው?» ውሃውን መልሳ ከፈተችው።

አባቴ በግራ እጁ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ሊነሳ ይታገል ጀመር። ሮጬ ብብቱን ይዤ አነሳሁት። ቆመ፣ ተንገዳገደ፣ ወንበሩን በግራ እጁ ወደ ወጥ ቤቱ በር ገፋው። ወለሉ ላይ ሲንገጫገጭ አክስቴ ዞር አለች።

«ሮዜር፣ ተው። እጄ ርጥብ ነው።»

ወንበሩን እንደገና ገፋው።

«ደክሞኛል አልኩህ! ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ሃምሳ አራት ዓመት ስታልፉኝ ኖራችሁ ዛሬ ነው የታየኋችሁ? ከፈለገ ይሙት ዘፈኑ። እኔም አብሬው ልረፍ።»

እውነቷን ነበር። አባቴ እያያት አፉን ከፈተ። መስጠት በቃል ነው፣ በሰው ፊት፤ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ አገጩ ተጣመመ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ የወጣችው ያቺው ስድብ ናት። ግን በለሆሳስ አላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «በዚህች ቃል ዘፈን የተሰጠው ሰው እስከ ዛሬ ያለ አይመስለኝም» አለች፣ መጥታም ተቀመጠች። ስትቀመጥ ያቃሰተችውን ሁላችን ሰማን።

ድምፅዋ አያምርም። ደረቅ ነው፣ የደከመ ነው፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። እግሮቿ ግን ምቱን ያውቁታል። ዶሮዋ መጣች፣ በጓ መጣች፣ ላሟ በስድስተኛ፣ አህያው በአሥራ ሁለተኛ። እኛም ግማሻችንን ይዘን ከኋላዋ ተከተልን፣ ሌላ ወንበር ላይ ከጎኗ ያስቀመጥነው አባቴም በግራ እግሩ ይመታል። አሥራ ስምንተኛዋ ድመቷ ናት፤ ሕፃኑ እግር ሥር ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ዘፈኑም ያልቃል። እንደ ሁልጊዜው አጨበጨብን።

አክስቴ እጇን አነሳች። «አላለቀም» አለች። «አሥራ ዘጠነኛ አለው። ያኔ ቄሱ ከእኛ ጋር ምሳ ይበሉ ስለነበር ሮዜር አፍሮ ቆረጠው። ቄሱ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው፣ እሱ ግን አልመለሰውም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ።

«አሁን ሕጉን ታውቃላችሁ» አለች፣ ከዚያም ከሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«ሁሉም መጡ፣ ሁሉም አዩት፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ፤
ማን ሊጠርግ ነው በረቱን፣ ይህን ሁሉ ጭድና አዛባ?»

ሕጉ ሕግ ነውና አፋችንን ሞልተን ተቀበልን፦ «ማን ሊጠርግ ነው በረቱን፣ ይህን ሁሉ ጭድና አዛባ?» መጨረሻው ላይ ስንደርስ ድምፃችን አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የአሳማው አጥንት፣ የተደፋው ቀይ ሥር፣ የብርጭቆው ብዛት ነበር። ማንም ማንንም አላየም።

መጀመሪያ የተነሳው ክሌርሞን ነው። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ወጥ ቤት ገባ፣ ከበሩ ጀርባ ተመለከተ፣ መሳቢያ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተመልሶ ወጣ። ስልሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ሲበላ ኖሯል።

«እትዬ ኤርማንስ፣ ሽርጡ የት ነው የሚሰቀለው?»

«ወገቤ ላይ ነው» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከወንበሩ ሳትነሳ። «ፍቱልኝ።»

ከኋላዋ ተንበርክኬ እኔ ፈታሁላት። ቋጠሮው ርሶ ጠብቆ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።