ከባዱ ቡድን ውስጥ በፓስፖርቴ ገባሁ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አንድ ኮረብታ ጫፍ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ቀይ አፈር ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩና «አልሄድም!» ብዬ ጮህኩ። አሥራ አምስት ሰው ቆሞ ያየኛል። ግማሹ ስልኩን ደግኖ ይቀርጸኛል።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

እኔ እዚህ ካምፓላ፣ ኪኩቦ ውስጥ ጨርቅ ነው የምሸጠው። ኪኩቦን የማያውቅ መርካቶን አጥብቦ ያስብ። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ነኝ፤ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ደግሞ በቦዳ ሞተር። በቅርቡ ሐኪሜ የስኳሬን ውጤት አየና «የእግር ጉዞ ጀምሪ። ግን ቀስ ብለሽ፣ ሜዳ ሜዳውን» አለኝ።

ጎረቤቴ ተስፋይ ይሄን ሰማ። የአስመራ ልጅ ነው፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ሱቃችን ግድግዳ ይጋራል። «ብቻሽን አትሂጂ፣ እኔም እመጣለሁ» አለኝ። ስምንት ዓመት ስንጎራበት ሲያሾፍብኝ እንጂ ሲያስብልኝ አይቼው ስለማላውቅ ትንሽ ገረመኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጥቶ የሚጓዝ ቡድን አለ ተባልንና ተመዘገብን። ሚኒባሱ ከሙኮኖ ከተማ ወዲያ ወስዶ አወረደን። አቤት አገር! ታች ረግረጉ ላይ ደንገል፣ መሀል ላይ የሻይ እርሻ፣ ከላይ ደግሞ ሣር የለበሱ ሦስት ኮረብታዎች ተደራርበው።

መሪያችን ግሬስ የምትባል መለሎ ኡጋንዳዊት ናት። ሰዉን በሦስት ትከፍላለች። ቀላሉ ቡድን የሻይ እርሻውን ዞሮ ይመለሳል። መካከለኛው አንድ ኮረብታ ይወጣል። ከባዱ ሦስቱንም። እኔ ቀላሉ ጋ፣ ከነፍሰ ጡሮቹና ከሕፃናቱ ጋር ቆሜያለሁ። ደስ ብሎኛል።

«እመቤት፣ ከየት ነሽ?» አለችኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ?! ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ከባዱ ጋ!» ሰዉ አጨበጨበ። ወደ ተስፋይ ዞረች። «አንተስ?»

«ከኤርትራ።»

«አንተም ከባዱ ጋ!» አሁንም ጭብጨባ።

ተስፋይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የኛ ዝና እኮ በብስክሌት ነው» አለኝ።

ያኔ አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን ለአገሬ እየተጨበጨበ እንዴት ብዬ «እኔ ፎቅ በደረጃ መውጣት እንኳ ያቅተኛል» ልበል? ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!

የመጀመሪያው ኮረብታ ግማሽ ላይ ትንፋሼ አለቀ። ተስፋይ ፊት ደከመኝ ከምል ግን ሞቼ እገኛለሁ። ጎንበስ አልኩ።

«ደከመሽ እንዴ?»

«ማን? እኔ? ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። እሱ አይቷል፣ ግን አላሾፈብኝም። ለምን እንዳላሾፈ ወዲያው ገባኝ... በየአሥር እርምጃው «ቆይ፣ ይቺን ላንሳት» እያለ ይቆማል። አንዷን ዛፍ ስድስት ጊዜ ፎቶ አነሳት!

ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ቁልቁል ሳይ ቀላሎቹ ሸንኮራ እየመጠጡ ይዘፍናሉ። ቅናት አንገበገበኝ።

ሦስተኛውን አጋምሰን ጫፉ ሲታየን ግሬስ አስቆመችን። «የቀረችውን ኢትዮጵያና ኤርትራ ይሩጡልን! እንቀርጻችኋለን!» ስልኮች ወጡ። ወደ ተስፋይ ዞር አልኩ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ እጁ ደረቱ ላይ ነው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። እንሩጥላቸውና ይገላግሉን።»

«እውነቱን ንገረኝ!»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ዓመት ለእቃ ናይሮቢ ሄድኩ ያልኩሽ... ልቤን ልታከም ነበር። የዛሬውም ሐኪሜ ተራመድ ስላለኝ ነው የመጣሁት። በእናትሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

(ይሄን የምጽፈው እሱ ራሱ ጻፊው ስላለኝ ነው።)

ደሜ ፈላ። በሱ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ጭምር። ሁለት ነጋዴዎች ለጭብጨባ ብለን ልንሞት እኮ ነው! ያኔ ነው ዘጭ ያልኩት። እሱንም ክንዱን ጎትቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«አልሄድም! አንሮጥም!» አልኩ በእንግሊዝኛ። «እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። እሱ ፍሬን ሸራ ይሸጣል። በሕይወቴ የሮጥኩት ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው፣ እሱም አምልጦኛል! ስኳር አለብኝ፣ ጉልበቴ አልቋል፣ ይሄ ሰውዬ ደግፎ ያወርደኛል!» ስለ ልቡ ትንፍሽ አላልኩም።

ግሬስ ግራ ገባት። «ግን እኮ ኢትዮጵያዊ...»

«አዎ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ! ሁላችንም ብንሮጥ ማን ያጨበጭባል?»

ከኋላ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ።

«እኔ... ኬንያዊ ነኝ» አለ። «የሞምባሳ ልጅ ነኝ፣ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። አብሬያችሁ ልውረድ?»

ኮረብታው በሳቅ ተናወጠ። ግሬስ ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ውሃ አጠጥታን፣ ሌሎቹን ለረዳቷ ሰጥታ እኛን ይዛ ወረደች። «ለምን ከመጀመሪያው አልነገራችሁኝም?» ትላለች ደጋግማ።

ተስፋይን ከዚያው በቀጥታ ክሊኒክ ወሰድኩት። አልገባም አለ፤ እኔም ካልገባህ ንቅንቅ አልልም አልኩ። መርምረው፣ ደህና ነህ፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፣ ዳገት ግን ተው አሉት።

ቪዲዮው እዚህ ባለው ሀበሻ ሁሉ ስልክ ዞሯል። አንድ ወንድማችን «አገር አዋረድሽ» ብሎ ጽፎልኛል።

እኔና ተስፋይ፣ ሞምባሳዊውም ጭምር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀላሉ ጋ ነን፤ ሯጭ ማየት ያማረው ቴሌቪዥን ይክፈት!