ወደ ግራ ያዘመመው ካሚዮን

አድማሴ መኪና መንዳት የለመደው ከጦርነቱ በፊት ነው። ጣሊያን ጎጃም ሲገባም የአንድ ቡሬ ነዋሪ የሆነ ነጋዴ ካሚዮን እየነዳ፣ በርበሬና ጤፍ ጭኖ፣ ከጭነቱም ላይ ሰው አሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ይመላለስ ነበር። ካሚዮኑ ያረጀ ቢሆንም እንደ መልካም በቅሎ ይሳሳለት ነበር።

አንድ ሰሞን ካሚዮኑ ከኋላው ወደ ግራ ያዘምም ጀመር። አድማሴ ጥፋቱን በተሳፋሪዎች ላይ አላከከ።

«ኧረ ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ! ባንድ ጎን ተኮልኩላችሁ ገደል ልትከቱኝ ነው?»

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ አስካለ ማርያም የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትነግድ፣ መልስ የማይጠፋት ሴት ናት።

«ከዚህ በላይ ከተጠጋሁማ መንገዱ ላይ መቀመጤ ነው፤ ያን ጊዜ ሒሳብ አትጠይቀኝም» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አድማሴ ግን አኩርፎ ነዳ።

ያኔ ወጀት በምትባለው በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ኬላ ላይ አንድ የጣሊያን ሹም አስቆማቸው። መኪናውን ዞሮ ካየ በኋላ ፊቱ ተለወጠ። አስተርጓሚው ሃይለ ሚካኤል ወደ አድማሴ ጠጋ አለ።

«‹መኪናው ያለ ነገር አላዘመመም፤ በግራ በኩል ከጭነቱ ሥር ለሽፍቶች የሚሄድ ጠመንጃ አለ› ይላሉ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ነፍስ ያስከፍላል። ተሳፋሪው ወረደ፤ ጭነቱም ተራገፈ። ወታደሮቹ ጆንያውን በብረት ዘንግ ሲወጋጉ የበርበሬው ብናኝ ተነሣና ኬላው በሙሉ በማስነጠስ ተናወጠ። ሹሙ ራሱ ዓይኑን እያሸ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጠመንጃ የሚባል ግን አልተገኘም።

ይሄኔ አስካለ ማርያም ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አስተርጓሚው ቀረበች።

«ጌታው፣ ለሹሙ ይንገሩልኝ። ጭነቱ ወርዷል፤ እኛም ወርደናል። መኪናው ግን አሁንም እንዳዘመመ ነው። እንግዲያ የታመመው የራሱ እግር ነው።»

አድማሴ ዞሮ አየ። እውነቷን ነው! ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው ሰው ላይ ሲጮህ የከረመ። በጎማውና በጭነት ሣጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት በእጁ ለካ፤ በቀኝ በኩል ከስንዝር ያልፋል፤ በግራ በኩል ግን ጡጫ እንኳ አያስገባም። ወታደሮቹ ሣጥኑን ከኋላ ተጭነው ሲለቁት ቀኙ ብድግ አለ፤ ግራው ግን «ጓ!» ብሎ እዚያው ቀረ።

አድማሴ ከሥር ገባ። ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ማለት ያ የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ አንዱ ቅጠሉ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁም ዝጓል፤ የቆየ ነው። ጫፉን በብረት ሲፈነቅለው መያዣው ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ ይንገጫገጫል። በመካከል የነበረው የነሐስ ቀለበት ተበልቶ አልቋል።

«ይምጡ፣ ይዩት!» አለ ከሥር ሆኖ።

ሹሙ በደረቱ ተሳበ። ሲወጣ ግንባሩ በግራሶ ተለቅልቋል። ወታደሮቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ እሱው ቀድሞ ሳቀና «ሂዱ» ብሎ እጁን አወዛወዘ።

በተሰበረ መኪና እንዴት ይሂዱ? አስካለ ማርያም አንድ ገበሬ ለሞፈሩ ያዘጋጀውን እርጥብ ጠፍር በበርበሬ ለውጣ አመጣች። አድማሴ በጠፍሩ ባሌስትራውን ጠፍሮ አሰረው፤ በቀለበቱም ቦታ የጠፍሩን ቁራጭ ጠቅልሎ ወተፈበት። ጠፍሩ በፀሐይ እየደረቀ ሲሄድ ብረቱን እንደ ጉጠት ጨምቆ ያዘው። እያዘገሙ ጅጋን አልፈው ደብረ ማርቆስ በሰላም ገቡ፤ እዚያም ባሌስትራው ተቀየረ።

በጥር አድማሴ ለአስካለ ማርያም ሽማግሌ ላከ። እሷም «ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፤ እስቲ ደግሞ ሲናገር ልስማው፤ ራሱ ይምጣ» አለች። ሄደ፤ ረፋዱን ሙሉ ደጇ ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ፤ ሰርጋቸውም ሳይውል ሳያድር ሆነ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቡሬ ላይ የመኪና መጠገኛ ከፈቱ። እሱ ከመኪና ሥር ሲተኛ እሷ ደጃፍ ላይ ሆና ሹፌሮቹን «ምን ይሰማሃል? በስተየት በኩል?» እያለች ትመረምራቸው ነበር።