የላይፕዚግ ወለል

ግዛቸው «ያፌት ይሂድ» ያለው ከልቡ ነበር? ሚስቱ ስሜነሽ ከመጋቢት ጀምሮ ትጠይቀዋለች።

ግዛቸው ቬጋስ ውስጥ በአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ይሠራል። የበረዶ ሆኪው ሲያልቅ በረዶውን ሸፍነው ለቅርጫት ኳስ የሚሆነውን የእንጨት ወለል ያነጥፋሉ። ያፌትን እዚያ ያስገባውም፣ ጣውላ ማጋጠም ያስተማረውም እሱ ነው። ታዲያ አንድ የቅርጫት ኳስ ትርዒት ቡድን ጀርመንን ከአዳራሽ አዳራሽ ሊዞር ሲነሳ ወለል የሚያነጥፍለት ሰው ፈለገ። የአዳራሹ አለቃ መጀመሪያ የጠራው ግዛቸውን ነበር።

ሰው ሲጋበዝ ወዲያው እጁን አይሰድም። ግዛቸውም «እኔስ ይቅርብኝ፣ ያፌት ወጣት ነው፣ እሱ ይሂድ» አለና እስኪለመን ጠበቀ። አለቃው ግን «ኦኬ» ብሎ ያፌትን ጠራ።

ከዚያ ወዲህ ከያፌት ፎቶ ይመጣል፦ ኮሎኝ፣ ሃምቡርግ፣ ማንሃይም። አዳራሹ በሰፋ ቁጥር ግዛቸው ቃር ይይዘዋል። ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ በጣውላዎቹ መጋጠሚያ ላይ ስህተት ይፈልጋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ ዊትኒ ሰፈር ወዳለው ቤቱ እንደገባ የላይፕዚጉ ደረሰው። ለጠጠው። አገኘ!

«ስሜ፣ ነይ እይ! ቅርጫቱ ሥር ጣውላው ተከፍቷል!»

«ደስ ያለህ ትመስላለህ።»

«እኔ? ምን ደስ ያሰኛል?»

«እና ንገረዋ! ማታ ሊጫወቱበት አይደል?»

«አለቆቹ ይዩለት። ትልቅ ሰው ሆኖ የለ።»

«ቀንተሃል፣ ግዛቸው።»

«በማን? በዚያ ጫጩት?»

ጀርመን መሽቷል፤ በሩ ሊከፈት ነው። አንድ ተጫዋች ቢደናቀፍ ያፌትን ያባርሩታል፤ አለቃውም እንደገና ግዛቸውን ይጠራዋል። ያኔ ሳይለመን እሺ ይላል! ሐሳቡ እንደ ማር ጣፈጠው። ወዲያው ግን ጉልበቱ የተሰበረ ልጅ ታየውና ስልኩን አነሳ።

«ጋሼ! ምነው፣ በሰላም ነው?»

«በስተቀኝ ያለው ቅርጫት ሥር ሂድ። ጣውላውን እየው።»

የሩጫ ኮቴ ተሰማ። «ወይኔ ጉዴ! ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ…»

«ወሬውን ተውና አጥብቀው።»

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ፎቶ ደረሰ። ለጠጠው፤ ደግሞ ለጠጠው። መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም፤ እሱ ራሱ ቢያነጥፈው ከዚህ አይበልጥም። ይሄኛው ከሁሉም የባሰ አቃጠለው። ስሜነሽ መጋረጃውን ዘጋችለት፤ እሱ ግን ሲገላበጥ ቆይቶ እንቅልፍ የወሰደው እኩለ ቀን ላይ፣ ስድስት ሰዓት ነው።