ወረንጦው በስተግራ

«አትንቀሳቀሺ! እዚያው ነው የወደቀው፤ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ።»

ልብስ ሰፊዋ በጉልበቷ እንደተንበረከከች ምንጣፉን በመዳፏ ዳሰሰች። የምትፈልገው ነገር ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፤ ቀለሙም እንደ ምንጣፉ አረንጓዴ ነው። ባሏ ከላይ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ወለሉን ይቃኛል።

«የዚህኛው ስም ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእጅ ፍሬን ማንሻ።»

«ያለ እሱ አይሄድም?»

«መሄዱንማ ይሄዳል። ማን ያቆመዋል?»

ሩብ ሰዓት ፈለጉ። በመጨረሻ የተገኘው ባልየው ካልሲ ላይ ተለጥፎ ነው። ሴትየዋን ሳቅ አፈናት፤ እሱ ግን አልሳቀም። ቁራጯን ከካልሲው ላይ ሊያነሳ ሞከረ፤ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡና አመለጠችው። ደግሞ ሞከረ፤ አመለጠችው። በሦስተኛው ወንበሩን ተደግፎ ተቀመጠና የሳጥኑን ክዳን ወደ እሷ ገፋ።

«ክደኚው» አለ። «ልጃችን ስትደውል ጨርሶታል በያት።»

ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት የጦር ሠራዊት የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ቁጥር አሥራ ሰባት መፍቻ ከኪሱ ስለማይጠፋ ጓዶቹ «አሥራ ሰባት» ይሉት ነበር፤ ሰፈሩም ያንኑ ስም ወረሰ። ያደሰውን መኪና በታንካቸው ስለሚገጩበት ታንከኞችን አይወድም ነበር። ጡረታ ሲወጣ ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ለበሽታው ረጅም ስም ሰጠው፤ አሥራ ሰባት ግን «ንዝረት» ነው የሚለው፣ የሞተር ማሰሪያው ስለላላ መኪና የሚያወራ ይመስል። መጀመሪያ ጋራዡን ዘጋ። ቀጥሎ መንዳት ተወ። ከዚያ ጢሙን ራሱ መላጨት ተወ። አንዴ የተወውን ነገር አይመለስበትም፤ ሚስቱ ይህን ጠባዩን ታውቃለች። ስምንት ወር ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ሲውል ነው ልጃቸው ሥራ ካለችበት ከተማ ሳጥኑን የላከችው።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው፣ አሥራ ሰባት ዕድሜውን ሥሩ ተጋድሞ የጨረሰበት ባለ ሦስት አክስል የጦር ካሚዮን ነው፤ ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቁራጭ ሆኖ። ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ዲፈረንሻሉ፣ የጎማው ብሎን ሳይቀር ለየብቻ። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። አሥራ ሰባት መመሪያውን ገልጦ ሁለት ስሕተት አገኘበትና በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ይቺን ቱቦ በዚህ በኩል ያሳለፋት ሰው መኪና አይቶ አያውቅም!» ሴትየዋ ያን ጩኸት ስትሰማ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም፤ ግን ደስ አላት።

ስለዚህ አሁን ክዳኑን አልከደነችም። «ሻይ ላፍላ» ብላ ወጣች።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባት ክሊኒክ ይሄዳል፤ እዚያ የጎማ ኳስ ያስጨምቁታል። በቀጣዩ ማክሰኞ በሩ እንደተዘጋ ሴትየዋ የጀመረችውን ኮት አስቀምጣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አርባ ዓመት ክር ከመርፌ ሲያገናኝ የኖረ እጅ ነው ያላት። የፍሬኑን ማንሻ በወረንጦ አንስታ ጋቢናው ውስጥ ለጠፈችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢያውቅስ? በገዛ እጁ ያልሠራውን ነገር የእኔ ነው የሚል ሰው አይደለም። ካወቀ ክዳኑን ራሱ ይከድነዋል፤ ግድግዳው ደግሞ እዚያው አለ፣ የትም አልሄደም።

ሲመለስ ጋቢናውን በአጉሊ መነጽሩ አየ።

«ይቺ ትናንት ይዛ ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ? የመኪና ነገር መቼ አስተማርከኝ?»

መነጽሩን አስቀመጠ። «ይዛ ነበር ማለት ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው በየሐሙሱ ጥቂት ጥቂት ሠራች። እንደ ወረቀት የሳሳ ነሐስ አጠፈች፤ የበር እጀታ ለጠፈች። ትልልቁን፣ ጎማውንና ሻንሲውን፣ ለእሱ ትተወዋለች። ያሳታት የዊንቹ፣ የፊተኛው መጎተቻ፣ ገመድ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ክር ጫፉ ተበትኖ ስለነበር ከራሷ መሳቢያ ሰም የተቀባ የቁልፍ መስፊያ ክር አወጣች። ጠመጠመችው። ጫፉን ሳታስበው፣ እንደ ልማዷ፣ ሦስቴ አዙራ ቋጠረችና ትርፉን ወደ ውስጥ ደበቀችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሰሐን አገኘች። በላዩ ዘጠኝ ቁርጥራጮች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ። በሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን ማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የሙጫው ክዳን ላላ ተደርጓል። ወረንጦው ከሰሐኑ በስተግራ ተቀምጧል።

አሥራ ሰባት በቀኙ ነው የሚሠራው። በዚያ ቤት ግራኝ እሷ ብቻ ናት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ዘጠኙንም ለጠፈቻቸው።

ሲመለስ ኮቱን ሰቅሎ ካሚዮኑን ከዚህም ከዚያም አየው።

«ሥራህ ፈጥኗል» አለችው ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

«ኳሷ ናት» አለ። «ጣት ታፍታታለች።»

«እኔም ልጀምራት እንዴ ታዲያ?»

«አንቺስ አያስፈልግሽም።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩበትም። ሰሐኑ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ባዶ ይሆናል። ልጅቷ ደውላ «አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ የምትሠራው?» ስትለው «ታዲያ ጎረቤት ነው?» ይላታል። ሴትየዋ ይህን ስትሰማ ክሯን በጥርሷ ትበጥሳለች።

በአራተኛው ወር አንድ ቁራጭ ቀረ፤ የሾፌሩ ስፖኪዮ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሰሐኑ ባዶ ነው፤ ቁራጯ ያለችው ባልየው መዳፍ ላይ ነው። ኮቱን አልለበሰም።

«ክሊኒክ አትሄድም?»

«ዛሬ ኳሷም ትረፍ። ነይ እስቲ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«ዊንቹ ላይ ያለውን ቋጠሮ አይቼዋለሁ» አለ። «አርባ ዓመት ሱሪዬ ላይ ሳየው የኖርኩት ነው።»

ፊቷ ጋለ። «ተቀይመሃል?»

«የዚያን ቀን በሽቄ ነበር። ማታውን ጎተት አደረግኩት። አይፈታም። መመሪያው ላይ ካለው ይሻላል።» ቁራጯን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አመጣት። «ይቺን ግን እኔ ነኝ የምገጥማት። ክንዴን ያዢልኝ።»

ጨርቅ ከመርፌ ሥር እንደምታሳልፈው አድርጋ፣ አንድ እጇን ክርኑ ላይ ሌላውን አንጓው ላይ፣ ሳትጫን ያዘችው። ንዝረቱ መዳፏ ውስጥ ገባ፤ የስፌት መኪናዋ ስትሮጥ እንደሚሰማት ዓይነት። ወረንጦው ወረደ፣ ሳተ፣ ተመለሰ። ስፖኪዮው ያዘ። እሱ እስከ ስድሳ ቆጠረ፤ እሷ አልለቀቀችውም።

ተጣሟል። በግልጽ ወደ ውጭ ዞሯል።

«ላስተካክለው? ሙጫው ገና እርጥብ ነው።»

«እስቲ ንኪውና!»

«ማን ገጨው ቢሉንስ?»

«ታንከኞቹ ናቸው በያቸው። መንገድ አይተው አያውቁም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቅ ክንዱ የባሰ ተንቀጠቀጠ፤ ግድ አልሰጠውም።

ካሚዮኑ ከስፌት መኪናው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አሥራ ሰባት በነጩ ሰሐን ላይ የሚስቱን የልብስ ቁልፎች በየመጠናቸው ይለይላት ጀመር። በዓመቱ ልጅቷ ሌላ ሳጥን ላከች፤ ታንክ ነበር። ሳጥኑ ሳይከፈት የሰፊዋ እግር ማሳረፊያ ሆነ።