ባዶ ወረቀት የሚያባዛው ይሻው

ደብረ ታቦር ውስጥ ይሻውን በፍጥነቱ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ጋፋት ካለው ቤቱ ማልዶ በእግሩ ይመጣና ኮሌጁ ግቢ ውስጥ በተከራያት ጠባብ ክፍል የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ያስነሳል። መቶ ገጽ ሃንድአውት፣ ባለቤቱ የጫማውን ክር አስሮ ሳይጨርስ ያስረክባል። "እኔ ዘንድ ወረፋ የለም" እያለ ይኮራል፤ እውነቱን ነው፣ አልነበረም።

ጉዱ የጀመረው ከጎኑ ያለው ክፍል ለምክር አገልግሎት የተሰጠ ዕለት ነው። አማካሪዋ ወይዘሪት አዲስዓለም ደግ ሴት ናት። የበሩን ጽሑፍ ያጻፈው ግን ግቢውን የሚመራው ሰውዬ ነው፤ "ጭንቀት፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ያለባችሁ በዚህ ግቡ" ብሎ፣ በቀይ ቀለም፣ ከካፌው ማዶ በሚነበብ ፊደል። ታዲያ በዚያ በር ማን ደፍሮ ይግባ? እዚህ አገር ሰው እግሩ ቢሰበር መንደሩ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ እንቅልፍ አጣሁ ያለ ዕለት ግን ዘመድ ተሰብስቦ የትኛው ጸበል ይሻለዋል እያለ ይከራከርበታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነፍስ አልገባም።

አንድ ጠዋት ጽጌረዳ የምትባል የእብናት ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ለይሻው ወረቀት ዘረጋችለት። አገላብጦ አየው። በሁለቱም በኩል ባዶ ነው።

"ምኑን ነው ኮፒ የማደርገው?"

"እሱኑ። ሁለት ያድርጉልኝ።"

"ባዶ እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ!"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

ተቀለደብኝ ብሎ ደሙ ፈላ። "ባዶ ወረቀት ከፈለግሽ ሱቅ ሂጂ!" ሊላት አፉን ሲከፍት ዓይኗን አየው። ዓይኗ ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ቀዩ ጽሑፍ ላይ ነው። ሁለት ባዶ ገጽ አባዝቶ ሰጣት። እሷም በሁለቱ ክፍሎች ፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ኮሪደሩ ጭር እስኪል ድረስ ባዶውን ገጽ ለፈተና እንደሚያጠና ሰው ስታነብ ቆየች። ከዚያ ሹልክ ብላ ገባች።

በሳምንቱ ሌሎችም መጡ። ሄኖክ የሚባለው ረጅሙ ልጅ መታወቂያውን በአንድ ወር አርባ ጊዜ ኮፒ አስደረገ። አንዷ የካፌውን የምግብ ዝርዝር ይዛ መጣች። ችግሩ፣ ወረቀታቸውን ቶሎ ከተቀበሉ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡበት ሰበብ ያልቃል። ይሄ የገባው ቀን ይሻው በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ተንቀረፈፈ። መስታወቱን ይወለውላል፣ ወረቀት ያስተካክላል፣ እንደገና ይወለውላል። ስሙ ጠፋ። ሚስቱ ጥሩወርቅ ገበያ ላይ "ባልሽን ምን ነካው? ኤሊ ሆነ አሉ" ተብላ ተናዳ ገባች።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አላት።

"የአንተው ገና አልተፈለፈለም!"

አመመው። የሃያ ዓመት ስሙ ነው። ግን ምስጢሩ የእሱ አልነበረም።

በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት መብራት ጠፋ። ጽጌረዳ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። የዘረጋችው ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፍ አለበት፤ የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ነው። ኮፒውን ለሬጅስትራር ሰጥታ የስድስት ሰዓቱን የእብናት መኪና ልትይዝ ነው። አማካሪዋ ደግሞ ስብሰባ ገብታለች።

"ለወይዘሪት አዲስዓለም ነግረሻታል?"

"ምን ብዬ? ደከመኝ፣ ጋሼ። አልቻልኩም።"

ይሻው ቅጹን መስታወቱ ላይ አስተኝቶ ክዳኑን ከደነበት።

"ቁጭ በይ። ማሽኑ እስኪሞቅ ነው።"

"መብራት የለም እኮ!"

"ለዚያም እኮ ነው የሚቆየው።"

አግዳሚው ላይ የነበሩት ስድስት ተማሪዎች ተያዩ። ሄኖክ ተነሥቶ ክዳኑን በመዳፉ ዳሰሰ። "ለብ ብሏል" አለ ኮስተር ብሎ። "ትንሽ ነው የቀረው።"

ባለ ምግብ ዝርዝሯ ልጅ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። "እኔም እሱን ነው የምጠብቀው" አለቻት።

ጽጌረዳ ሁሉንም እያወቀች ተቀመጠች። ሰባት የኮሌጅ ተማሪ የሞተ ማሽን ሲጠብቅ ስድስት ሰዓት አለፈ፤ መኪናውም ሄደ። አዲስዓለም ከስብሰባ ስትመለስ ጽጌረዳ ግራ ቀኝ ሳትቃኝ፣ ሁሉም እያያት፣ ተከትላት ገባች።

በሩ እንደተዘጋ መብራት መጣ። ማሽኑ አጓርቶ ተነሣ።

"ያጥፉት፣ ጋሼ!" ስድስቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ይሻው ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ።

ጽጌረዳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ጣሪያው ላይ የበራውን አምፖል ቀና ብላ አየች፤ ከዚያም መሬት ላይ የተጋደመውን ሶኬት።

"ሞቀ?"

"ገና ነው" አለ ይሻው።

ክዳኑን አልከፈተችም። ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ዶርሙ መንገድ ዞረች።

"እንግዲያው ነገ እመጣለሁ" አለችው።