ሲስተር ዳቦ ቤት የከፈተች ሰሞን

ሰፈሩ ዛሬም «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራት። ዕድሜዋን በማዋለጃ ክፍል ጨርሳ ጡረታ ስትወጣ፣ ቤት መዋል አልሆነላትም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሲውል እሷ ከክፍል ክፍል ትንጎራደዳለች። «አንቺ ሴት፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ውጪ፤ ክሩ ሁሉ ተወሳሰበብኝ!» ይላታል።

ወጣች። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዳቦ ቤት ስሙንና አሠራሩን ያከራያል ሲባል ሰማች። ፍራንቻይዝ ይሉታል፤ ስሙ የእነሱ፣ ድካሙ የአንቺ ማለት ነው። ሊጡ ተድቦልቡሎ፣ በረዶ ሆኖ ከድርጅቱ ይመጣል። መጋገሪያው፣ የግድግዳው ቀለም፣ ሽርጡ ሳይቀር በእነሱ ትእዛዝ ነው። ጥሪቷን አሟጥጣ ገባችበት። ታላቅ እህቷን እታለምንም ለምና ከባንኮኒው ኋላ አቆመቻት።

ብዙም ሳይቆይ የፍሳሽ ቱቦ ሊቀብሩ የመጡ ሠራተኞች መንገዱን ልክ ከበሯ ፊት ቆፈሩት። በጉድጓዱ ላይ አንዲት ጣውላ ተጋደመች፤ ሽማግሌ አይደፍራት፣ ልጅ ያዘለች አትደፍራት። የትኩስ ዳቦ ሽታ ማዶ ድረስ ይሄዳል፤ ሰው ቆም ብሎ ያሸትና መንገዱን ይቀጥላል።

«መቼ ነው የምትደፍኑት?» አለችው የቆፋሪዎቹን አለቃ።

«ቱቦው ሲመጣ።»

«እሱስ መቼ ይመጣል?»

«ካወቁ ለእኔም ይንገሩኝ፣ እናቴ።»

ሳቀ፤ እሷ ግን ሳቁ አልመጣላትም።

የሚብስባት አመሻሹ ነበር። በድርጅቱ ደንብ የተረፈ ዳቦ አያድርም፣ ለሰውም አይሰጥም፤ ይጣላል። እታለም ይህ አልዋጥልሽ አላት። «እናታችን ፍርፋሪ ስንረግጥ ጆሯችንን ትቆነጥጠን አልነበር? ዛሬ በከረጢት ሙሉ እንድፋ?» አለችና አንድ ቀን የተረፈውን ሰብስባ ጉድጓድ ውስጥ ላሉት ሠራተኞች አቀበለቻቸው። ያን ዕለት ደግሞ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ከጣውላው ማዶ ቆሞ ያያል።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ሲስተር፣ ወይ ሠራተኛዋ ትሰናበታለች፣ ወይ ስማችንን ከበርዎ ላይ እናነሳለን» አላት።

«እህቴ ናት እኮ።»

«ይገባኛል።»

ሲስተር እታለምን አላየቻትም። መሬት መሬት እያየች፣ «እታለም፣ ለጊዜው ነው… ነገሩ እስኪበርድ…» አለች። እታለም ሽርጧን ፈታች፤ አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ጣውላዋን ተሻግራ ሄደች። ዞራም አላየች።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን ትጋግራለች፣ ብቻዋን ትሸጣለች፣ ብቻዋን ትደፋለች። አንድ ቀን ሊጥ ልታወጣ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ስንቷን ምጥ ይዟት «አልችልም» ስትላት «ትችያለሽ» ብላ እጇን የያዘች ሴት፣ ለራሷ የምትለው ቃል አጣች። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ አለቀሰች።

ባሏ ያገኛት እዚያው ነው። ኮቱን አለበሳትና፣ «ሰው ወደ ዳቦው መምጣት ካልቻለ ዳቦው ወደ ሰው ይሂዳ። የድሮ ሆስፒታልሽ ቅርብ ነው» አላት።

«ከሱቅ ውጭ መሸጥ ክልክል ነው። ስሙን ይነቅሉታል።»

«ይንቀሉት። አሁን ማን እያነበበው ነው?»

በማግስቱ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ መጣ። ትሪውን ተሸክሞ ጣውላዋን እየተንገዳገደ ሲሻገር ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው «ቀስ፣ አባቴ! ቀስ!» ይሉታል። በሆስፒታሉ በር ተረኛ ሲቀያየር የድሮ ባልደረቦቿ ከበቧት፤ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ተቆጣጣሪው እዚያም ደረሰባት። ባዶውን ትሪ አየ፣ ስልኩን አወጣ፣ ራቅ ብሎ ብዙ አወራ። ሲመለስ፣ «ዋናው ቢሮ፣ እንዲህ የሚሸጥ ከሆነ ይቀጥሉ ብሏል። የድርጅቱ አዲስ አሠራር ሆኖ ይመዘገባል» አላት። የእታለም ነገርስ ብትለው፣ «እሷን እንኳ ይመልሷት፤ አሁን ማን ይጠይቃል?» አለ። ሲስተር ይህን ስትሰማ ራሷን ጠየቀች። ማንም የማይጠይቅ ከሆነ ለምን አባረረቻት?

ጉድጓዱ ተደፍኖ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሱቁ ሰው በሰው ሆነ። ያን ጊዜ ነው እህቷ ቤት ለመሄድ ድፍረት ያገኘችው።

በሩን እታለም ራሷ ከፈተችው። «እንዴት ነዎት? ይግቡ» አለቻት።

ሲስተር ደነገጠች። አዝላ ያሳደገቻት እህቷ «አንቱ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። «እታለም፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ይቀመጡ እንጂ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

«ተመለሽልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ሥራ በዝቶልዎታል ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት» አለች እታለም በትሕትና፣ የውሃውን ብርጭቆ በሁለት እጇ እያቀረበች።

ሲስተር ጠጣችና ተነሳች። ቤቷ ስትገባ ባሏ ቀና ብሎ፣ «እህስ፣ ምን አለችሽ?» አላት።

«በደንብ ነው የተቀበለችኝ» አለችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተኛች።